ጉልበቱን የጣለ ኤሌክትሮን ቆሻሻ ነው? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በጎንደር የፊዚክስ መምህራንና ተማሪዎች ዘንድ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። የሚያወራው ኤሌክትሮኖች በክሪስታል (አቶሞቹ በሥርዓት በተደረደሩበት ጠጣር) ውስጥ ሲያልፉ ስለሚገጥማቸው ብትነት፣ ማለትም ከመንገዳቸው ስለ ማፈንገጣቸው ነው። እንዲህ ያለውን ርዕስ በአማርኛ የሚደፍር ሰው ጥቂት ስለሆነ ጸሐፊው ምስጋና ይገባቸዋል። ድምዳሜያቸውን ግን ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም፤ ጽሑፉን ያነበቡ ተማሪዎች የመመረቂያ ሥራቸውን ርዕስ ለመቀየር እያሰቡ መሆኑን ሰምቻለሁና።

የጽሑፉ አካሄድ በአጭሩ ይህ ነው። ኤሌክትሮን ጉልበቱን እንደያዘ ከክሪስታሉ ከወጣ (ኢላስቲክ ብትነት ማለት ነው) ስለ አቶሞቹ አቀማመጥ ይነግረናል። ከጉልበቱ ጥቂት ጥሎ ከወጣ (ኢንኢላስቲክ ብትነት) ግን የሞገድ ባሕርይውን ያጣል፤ ምስል ከማደብዘዝ በቀር ፋይዳ የሌለው «ቆሻሻ» ይሆናል። ንድፈ ሐሳቡም በቀመሩ ላይ አንድ ምናባዊ ቁጥር (የአሉታዊ ቁጥር ካሬ ሥር) ተጨምሮበት ያለቀለት ነው፤ የቀረውን የፊዚክስ ሊቁ ሃንስ ቤቴ በ1930 ጨርሶታል። የምስል ንፅፅር ስሌትና ልኬት በሦስት እጥፍ መለያየታቸው ደግሞ የንድፈ ሐሳቡን ከንቱነት ያሳያል። ስለዚህ፣ ይላሉ ጸሐፊው፣ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ በሌለበት ከተማ ያለ ተማሪ በዚህ ጉዳይ ጊዜውን ባያባክን ይሻለዋል። ነጥቦቹን አንድ በአንድ አነሳለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከፎቶግራፉ ልጀምር። ጸሐፊው በመግቢያቸው ላይ በጥቁር መደብ የተደረደሩ ደማቅ ነጠብጣቦች የሚታዩበት ምስል አስቀምጠው ከሥሩ «ጉልበታቸውን ያልጣሉ ኤሌክትሮኖች ያሳዩን የአቶሞች ረድፍ» ብለውበታል። ምስሉ በእርግጥም ያምራል። ከበድ ያለው አቶም ያለበት ነጠብጣብ ይበልጥ እንደሚደምቅ፣ ምስሉም የተነሣው ቀለበት በሚመስልና በሰፊ አንግል ላይ በተቀመጠ መቀበያ እንደሆነ እርሳቸው ራሳቸው ጽፈዋል። ችግሩ እዚሁ ላይ ነው።

በዚህ ዘዴ እጅግ ጠብቦ የተሰበሰበ የኤሌክትሮን ጨረር ናሙናውን ነጥብ በነጥብ ይቃኛል፤ ከሥር ያለው ቀለበት ደግሞ ከመንገዳቸው በሰፊው ያፈነገጡትን ብቻ ይቆጥራል። አቶሞች በክሪስታል ውስጥ ደርቀው የቆሙ አይደሉም፤ ሁልጊዜ ይርገበገባሉ። የብትነቱ አንግል በሰፋ ቁጥር ይህ ርግብግቢት የብራግ ነጠብጣቦችን (ከአቶሞቹ ረድፎች የተበተኑ ሞገዶች በተወሰኑ አንግሎች ተደማምረው የሚፈጥሯቸውን፣ ከፎቶግራፉ ነጠብጣቦች የተለዩ ነጥቦች) ያዳክማቸዋል፤ በዲባይና በዎለር ስም የሚጠራው ቅናሽ ይህ ነው። የተቀነሰው ግን በንኖ አልጠፋም። ከርግብግቢቱ ጋር፣ በሙያው ቋንቋ ከፎኖን ጋር፣ ጉልበት የተለዋወጠ ኤሌክትሮን ሆኖ በነጠብጣቦቹ መካከል ተሰራጭቶ ይገኛል። ቀለበቱ ባለበት ሰፊ አንግል ላይ የሚበዛው እርሱ ነው። እንግዲህ ጸሐፊው የንጹሕ ኤሌክትሮኖች ሥራ ብለው ያስጎበኙን ምስል በአመዛኙ የተሣለው «ቆሻሻ» ባሏቸው ኤሌክትሮኖች ነው።

«ጥሩ የጉልበት ማጣሪያ ካለ ንጹሑ ከቆሻሻው ይለያል» የሚለውም በዚሁ ይወድቃል። አንድ ፎኖን የሚወስደው፣ አንዳንዴም የሚሰጠው፣ ጉልበት ከአንድ ኤሌክትሮን ቮልት (የኤሌክትሮን ጉልበት የሚለካበት አሃድ) በመቶኛ የሚቆጠር ነው። የጨረሩ ጉልበት 200,000 ኤሌክትሮን ቮልት፣ የተለመደው ማጣሪያ ክፍተት ደግሞ 10 ወይም 20 ኤሌክትሮን ቮልት ነው። ከፎኖን ጋር የተገናኘ ኤሌክትሮን በዚህ ክፍተት ማንም ሳያየው ያልፋል። ይህን ጥቃቅን ልዩነት በማይክሮስኮፕ ውስጥ መለየት የተቻለው ገና በቅርቡ ነው፤ ክሪቫኔክና ባልደረቦቹ በ2014 ኔቸር መጽሔት ላይ ባወጡት ሥራ ወደ 10 ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት በሚጠጋ ጥራት የርግብግቢቱን ምልክት ለይተው አሳይተዋል።

ስሌቱ እንዴት እንደሚሠራ ጸሐፊው አላነሱም፤ እኔ ግን ሳላነሳው ብቀር ይቆጨኛል። ባለ 200,000 ኤሌክትሮን ቮልት ኤሌክትሮን የሚሮጠው በብርሃን ፍጥነት 70 በመቶ ገደማ ነው። 100 ናኖሜትር የሚወፍር ናሙና ለመሻገር ግማሽ ፌምቶሰከንድ (ፌምቶሰከንድ የሰከንድ ቢሊዮንኛ ሚሊዮንኛ ነው) እንኳ አይፈጅበትም። አቶም አንድ ጊዜ ሄዶ ለመመለስ ግን መቶ ፌምቶሰከንድ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልገዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ኤሌክትሮን የሚያየው በርግብግቢታቸው መሃል ባሉበት የቆሙ አቶሞችን ነው፤ ቀጣዩ ኤሌክትሮን ሲመጣ ግን ሌላ ቦታ ቆመው ያገኛቸዋል። ሎን፣ ሹ እና ሲልኮክስ በ1991 ያቀረቡት ዘዴ ይህንኑ ይከተላል፤ አቶሞቹን በዘፈቀደ ትንሽ ትንሽ አዛንፎ ማስላት፣ እንደገና አዛንፎ ማስላት፣ በመጨረሻም የብርሃን መጠኖቹን (በምስሉ ላይ የሚታየውን ድምቀት እንጂ ሞገዶቹን አይደለም) ማማከል። ሞገዶቹን ያማከለ ሰው ኢላስቲኩን ብቻ ያገኛል። የብርሃን መጠኑን ያማከለ ሰው ሁሉንም ያገኛል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለፎኖን የተሰጠው ድርሻ ነው። ከዚህ የበለጠ ያማረ ስሌት በዚህ ሙያ ውስጥ ጥቂት ነው።

ወደ ጽሑፉ ምሰሶ እንምጣ። «ጉልበቱን የጣለ ኤሌክትሮን የሞገድ ርዝመቱ ስለሚለወጥ ዲፍራክሽን አያደርግም፤ ከጥምቀት ሰልፍ ወጥቶ መንገድ የጠፋበት እንግዳ ማለት ነው» ብለዋል። ዲፍራክሽን የብራግ ነጠብጣቦችን የሚፈጥረው የሞገዶች መደማመር ነው። ቁጥሩን እንየው። በ200,000 ኤሌክትሮን ቮልት የኤሌክትሮን የሞገድ ርዝመት 2.51 ፒኮሜትር ነው። ይህ ኤሌክትሮን አሉሚኒየም ውስጥ 15 ኤሌክትሮን ቮልት ቢጥል የሞገድ ርዝመቱ የሚለወጠው ከ100,000 እጅ በ4 እጅ ገደማ ብቻ ነው። የብራግ አንግሉም በዚያው ልክ ነው የሚነቃነቀው። ይህን ለውጥ በዲፍራክሽን ምስል ላይ በዓይኑ የሚያይ ሰው ካለ እርሱ ራሱ መሣሪያ ነው።

«አቅጣጫውስ?» የሚል ይኖራል፤ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ለዚህ ለ15 ኤሌክትሮን ቮልት ቅናሽ የስርጭቱ መለኪያ አንግል 0.04 ሚሊራዲያን ነው። የአሉሚኒየም የመጀመሪያው የብራግ ነጠብጣብ የሚገኘው ከመሃል 10.7 ሚሊራዲያን ርቆ ነው። የስርጭቱ ጅራት ረዘም ቢልም አብዛኛው ኤሌክትሮን ከተነሣበት ነጠብጣብ አጠገብ ይቆያል። አርቺ ሃዊ በ1963 በክሪስታል ስለሚከሰት ኢንኢላስቲክ ብትነት ሲጽፍ ያሳየው አንዱ ነገር ይህ ነው፤ እንዲህ ያለ ቅናሽ የደረሰበት ኤሌክትሮን በክሪስታሉ ውስጥ የነበረውን የዲፍራክሽን ንፅፅር ይዞ ይቀጥላል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ኪኩቺ አለ። ሴይሺ ኪኩቺ በ1928 ኤሌክትሮን ማይካ በተባለ ማዕድን ውስጥ አሳልፎ ባነሳው ምስል ላይ ከብራግ ነጠብጣቦቹ በተጨማሪ ጥንድ ጥንድ መስመሮች አየ፤ ከጥንዱ አንዱ ከአካባቢው ይደምቃል፣ ሌላው ይጠቁራል። ትርጉሙ ቀላል ነው። ኤሌክትሮኖቹ በመጀመሪያ ጉልበት እያጡ ውስጥ ለውስጥ ተበተኑ፤ በየአቅጣጫው ሄዱ። ከእነርሱ መካከል ከአንድ የአቶም ንጣፍ ጋር የብራግ አንግል ላይ የተገኙት ታጥፈው ሄዱ፤ የሄዱበት ቦታ ደመቀ፣ የለቀቁት ቦታ ጠቆረ። ክሪስታሉን ትንሽ ብታዘነብለው ነጠብጣቦቹ ባሉበት እየደመቁ እየፈዘዙ ይቆያሉ፤ መስመሮቹ ግን ክሪስታሉ ላይ የተሰፉ ይመስል አብረውት ይሄዳሉ። ዛሬ በማይክሮስኮፕ የሚሠራ ባለሙያ ሁሉ ናሙናውን የሚያቀናው በእነዚህ መስመሮች ነው፤ ጂኦሎጂስቶችም በድንጋይ ውስጥ ያለ የእያንዳንዱን ቅንጣት አቅጣጫ የሚያነቡት በዚሁ ዓይነት ምስል ነው። ጉልበት ያጣ ኤሌክትሮን ዲፍራክሽን የማያደርግ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልታየ ነበር።

የጥምቀቱን ምሳሌ ራሳቸው ስላነሱት ላርመው። በከተራ ዕለት ወደ ፋሲል መዋኛ የሚወርደው አንድ ታቦት ብቻ አይደለም፤ እያንዳንዱ የራሱን ዘማሪና የራሱን ምዕመን አስከትሎ ይወርዳል። ከአንዱ ሰልፍ ወጥቶ ሌላውን የተቀላቀለ ሰው መንገድ አልጠፋበትም፤ በአዲሱ ሰልፍ ዝማሬ እኩል ያሸበሽባል። የአንዱ ሰልፍ ዝማሬ ከሌላው ሰልፍ ዝማሬ ጋር ግን አይገጥምም። ኤሌክትሮኑም እንደዚሁ ነው። ክሪስታሉን በአንድ በተወሰነ ሁኔታ ትተውት የወጡ ሞገዶች ሁሉ እርስ በርሳቸው ይገጥማሉ፣ ይደማመራሉ፣ ይጠፋፋሉ። ክሪስታሉን በተለያየ ሁኔታ ላይ ትተውት የወጡ ሞገዶች ግን አይጠፋፉም፤ የሚደመረው የብርሃን መጠናቸው ነው። ጸሐፊው ያምታቱት ይህንን ነው። በሰልፎች መካከል ቅንጅት አለመኖሩን አይተው በየሰልፉ ውስጥም ቅንጅት የለም አሉ።

ትክክል የሆኑበትም አለ፤ አልነፍጋቸውም። የማይክሮስኮፕ ሌንስ የተለያየ ጉልበት ያላቸውን ኤሌክትሮኖች አንድ ቦታ ላይ ማሳረፍ አይችልም። በተለመደ ሌንስ 15 ኤሌክትሮን ቮልት የጣለ ኤሌክትሮን ትኩረቱ 100 ናኖሜትር ገደማ ይዛነፋል፤ ጥራት ያለው ምስል በዚህ ይደበዝዛል፤ ማጣሪያ ያስፈለገውም ለዚህ ነው። ናሙናው እንደ ካርቦን ባሉ ቀላል አቶሞች የተሠራ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ይብሳል፤ በግርድፉ የኢንኢላስቲኩ መጠን ለኢላስቲኩ ሲካፈል 20ን ለአቶሙ ቁጥር እንደማካፈል ነው፤ ለካርቦን ከ3 ይበልጣል፣ ለወርቅ ግን ሩብ ነው። ነገር ግን ይህ የሌንሱ ጉድለት ነው። የሌንሱን ዕዳ ለኤሌክትሮኑ ማሸከም ተገቢ አይደለም።

«ንድፈ ሐሳቡ ያለቀው አንድ ምናባዊ ቁጥር ሲጨመር ነው» ለሚለው ደግሞ የራሴን ተማሪ ጥያቄ ልጥቀስ። ኤሌክትሮን በሲሊከን ውስጥ ሲያልፍ የሚያሰላ ፕሮግራም በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ ጽፋ ነበር፤ ክሪስታሉን በስስ በስሱ ቆራርጦ ሞገዱን ከአንዱ ቁራጭ ወደ ሌላው የሚያሻግር፣ ካውሊና ሙዲ በ1957 ያወጡት ዘዴ ነው። በየቁራጩ የጨረሩን ጠቅላላ መጠን በአንድ ዓምድ ታሳትማለች፤ ዓምዱ 1 ነጥብ 000 እያለ እስከ መጨረሻው ይወርዳል። ከዚያ በፖቴንሻሉ (አቶሞቹ ኤሌክትሮኑን እንዴት እንደሚስቡት በሚገልጸው የቀመሩ ክፍል) ላይ ምናባዊውን ክፍል ጨመረች። ዓምዱ ቀስ እያለ መቀነስ ጀመረ። ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ «ቀሪው የት ሄደ?» አለችኝ።

የጽሑፉ ጸሐፊ «ክሪስታሉ መጠጠው» ይሏታል። በ100 ናኖሜትር ሲሊከን ውስጥ 200,000 ኤሌክትሮን ቮልት ያለው ኤሌክትሮን አይመጠጥም፤ ጥቂት ጉልበት ጥሎ በሌላኛው ወገን ይወጣል። ምናባዊው ቁጥር የሚነግረን ከኢላስቲኩ መዝገብ መውጣቱን ብቻ ነው፤ የት እንደተመዘገበ አይነግረንም። ሙሉውን መዝገብ የሰጠን ዮሺዮካ ነው። በ1957 ባወጣው ሥራ ለእያንዳንዱ የክሪስታል ሁኔታ አንድ የኤሌክትሮን ሞገድ መደበ፤ ክሪስታሉ ሳይነካ የቀረበት አንድ ሞገድ፣ አንድ ፕላዝሞን (የክሪስታሉ ኤሌክትሮኖች የጋራ ውዝዋዜ) የተቀሰቀሰበት ሌላ ሞገድ፣ የውስጥ ኤሌክትሮን የተፈናቀለበት ሌላ ሞገድ። እኩልታዎቹ እርስ በርስ የተያያዙ ናቸው፤ አንዱ ሞገድ ሲጎድል ሌላው ይሞላል፣ ድምሩም 1 ሆኖ ይኖራል። ከእነዚህ ሁሉ የመጀመሪያውን ሞገድ ብቻ እይዛለሁ፣ ሌሎቹን እተዋለሁ ያለ ሰው የተዋቸው ነገሮች በፖቴንሻሉ ውስጥ ምናባዊ ክፍል ሆነው ይመለሱበታል። ምናባዊው ቁጥር እንግዲህ የንድፈ ሐሳቡ መደምደሚያ አይደለም፤ ንድፈ ሐሳቡ ሲታጠፍ የሚቀር ግርጌ ማስታወሻ ነው።

«ቤቴ በ1930 ጨርሶታል» የሚለውን ቶሎ ማለፍ ይቻላል። ቤቴ በ1928 የኤሌክትሮንን ዲፍራክሽን በክሪስታል ውስጥ፣ በ1930 ደግሞ ፈጣን ቅንጣት በአቶሞች መካከል ሲያልፍ የሚጥለውን ጉልበት አሰላ። ሁለቱ ሥራዎች ግን አንድ ላይ አልተሰፉም ነበር፤ ሁለተኛው አቶሞችን የሚወስደው ለየብቻ ነው። ክሪስታል የአቶሞች ድምር ብቻ ቢሆን ኖሮ የአሉሚኒየም የ15 ኤሌክትሮን ቮልት ቅናሽ ከየት መጣ? አንድ ብቸኛ የአሉሚኒየም አቶም እንዲህ ያለ ምልክት የለውም። ሩተማን በ1941 በስስ የብረታ ብረት ቅጠሎች ላይ እነዚህን እርከን እርከን ያሉ ቅናሾች ሲለካ ምንጫቸው ገና ግልጽ አልነበረም፤ የኤሌክትሮኖቹ ጠቅላላ የጋራ ውዝዋዜ መሆኑን የነገሩን ቦም እና ፓይንስ ናቸው፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ። ውፍረቱ ከፕላዝሞን አማካይ መንገድ (ኤሌክትሮን ፕላዝሞን ሳይቀሰቅስ በአማካይ ከሚጓዘው ርቀት) ጋር እኩል በሆነ ናሙና 37 በመቶው ምንም ሳይጥል፣ ሌላ 37 በመቶ አንድ ጊዜ፣ 18 በመቶ ሁለት ጊዜ ጥሎ ይወጣል፤ በስፔክትረሙ (ስንት ኤሌክትሮኖች ስንት ጉልበት እንደጣሉ በሚያሳየው ግራፍ) ላይ በ15፣ በ30 እና በ45 ኤሌክትሮን ቮልት ተራራዎች ይሰለፋሉ። የኤሌክትሮኑ ሞገድ በክሪስታሉ ሕዋስ ውስጥ የትኛው አቶም ላይ እንደሚከማች ደግሞ በናሙናው ዝንባሌ ይወሰናል፤ ስፔንስ እና ታፍቶ በ1983 ይህንን ተጠቅመው ባዕድ አቶሞች የትኛው ቦታ ላይ እንደተቀመጡ የሚለዩበትን ዘዴ አወጡ። ቤቴ ይህን አልጨረሰም። መሠረቱን ጣለ፤ ይበቃዋል።

የሦስት እጥፉ ልዩነት እውነተኛ ታሪክ ነው። ኸይች እና ስቶብስ በ1994 የተሰላው የምስል ንፅፅር ከተለካው በሦስት እጥፍ ገደማ እንደሚበልጥ ዘገቡ። ብዙ ሰው ጣቱን የቀሰረው በኢንኢላስቲክ ብትነት ላይ ነበር፤ ጸሐፊው ዛሬም እዚያው ቆመዋል። ነገር ግን ጉልበት ያጡት በማጣሪያ ሲወገዱ እንኳ ልዩነቱ አልጠፋም። በ2009 ቱስት የካሜራው ንፅፅር የማደብዘዝ ጠባይ በስሌቱ ውስጥ በትክክል ሲገባ ልዩነቱ እንደሚወገድ አሳየ። ከ15 ዓመት በኋላ ጥፋተኛው ካሜራው ሆኖ ተገኘ።

የቀረው የጎንደሩ ተማሪ ነው። ማይክሮስኮፕ አለ የለም ወደሚለው አልገባም። ቤቴ የ1928ቱን ሥራ ሲሠራ የ22 ዓመት ወጣት ነበር፤ የያዘው ወረቀትና ብዕር ነበር፤ ሙከራውን የሠሩት ዴቪሰን እና ጀርመር ደግሞ በአሜሪካ ነበሩ። ዮሺዮካም እኩልታዎቹን የጻፈው በወረቀት ላይ ነው። ዛሬ ያቺ ተማሪዬ ያላት አሮጌ ላፕቶፕ ሁለቱም ካላቸው ሁሉ ይበልጣል፤ መብራት ሲጠፋ ባትሪው የሚቆየው አንድ ሰዓት ብቻ ቢሆንም ስሌቷ የሚፈጀው ደቂቃዎችን ነው።

ጥያቄም ከሩቅ አገር ማምጣት አያስፈልግም። የፋሲል ግንብ የተሠራበት ቡናማ ባዛልት በውስጡ ብረት አለው። ድንጋዩ ዝናብና አየር ሲያገኘው ብረቱ ሁለት ኤሌክትሮን ከሰጠበት ሁኔታ ወደ ሦስት የሰጠበት ሁኔታ ይሸጋገራል። የኤሌክትሮን ጨረር በእንዲህ ያለ ማዕድን ስስ ቁራጭ ውስጥ ሲያልፍ ብረቱ ጨረሩን 710 ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ያስጥለዋል፤ ከመጀመሪያው ሁኔታ ወደ ሁለተኛው ሲሸጋገር ያ ምልክት በ2 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ወደ ላይ ይገፋል። ድንጋዩ ከላዩ ስንት ማይክሮሜትር ድረስ እንደተጎዳ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው የሚያነበው ጸሐፊው «ቆሻሻ» ያሉትን ኤሌክትሮን ነው። ስፔክትረሙን ሌላ ቦታ ያለ መሣሪያ ሊያነሳው ይችላል፤ ትርጉሙን ማስላት ግን እዚሁ ይቻላል።

ርዕሳቸውን ለመቀየር ላሰቡት ተማሪዎች በጥቁር ሰሌዳ የሚሠራ አንድ ጥያቄ ልተው። የአሉሚኒየም አቶም 3፣ የሲሊከን አቶም 4 የውጭ ኤሌክትሮኖችን ያዋጣሉ። እነዚህን ነጻ ናቸው ብላችሁ የፕላዝሞኑን ጉልበት አስሉት፤ ለአሉሚኒየም 15.8፣ ለሲሊከን 16.6 ኤሌክትሮን ቮልት ታገኛላችሁ። ልኬቱ ግን ለአሉሚኒየም 15 አካባቢ፣ ለሲሊከን 16.7 ነው። ኤሌክትሮኖቹ በእውነት ነጻ የሆኑት በአሉሚኒየም ውስጥ ነው፤ ስሌቱ የተሳካው ግን በሲሊከን ነው። ለምን? ጸሐፊውም ቢሆኑ መልሱን በቀጣይ ጽሑፋቸው ቢሰጡን ደስ ይለኛል፤ በምናባዊ ቁጥር ብቻ ከመለሱት ግን እንደገና እጽፋለሁ።